ጣሪያው ፋዲላ ጋ፣ ግድግዳው ዘካርያስ ጋ

ወጣቷ ልዩ የወረቀቱን ግድግዳ መታጠፊያ ቀለሙ ባለቀ እስክርቢቶ እያሰመረች ነበር። ወፍራም ወረቀት አስቀድሞ ካልተሰመረ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ማስመሪያውን በግራ እጇ ጫን አድርጋ በቀኟ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳበችና ወረቀቱን አጠፈችው፤ ጥግ ሆነ። የመጨረሻው ጥግ ሲታጠፍ የወረቀት አዳራሹ ያለ ጣሪያ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ጣሪያውን አንሥታ ከላይ አስቀመጠችው። ጣሪያው በግድግዳዎቹ መሀል ወደ ውስጥ ገባና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"አነሰ እንዴ?" አሉ ጋሽ ሰይፈሚካኤል፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው።

"አንሷል ጋሼ። በጣም።"

"ጣሪያው የት ነበር የታተመው?"

"ፋዲላ ጋ። ግድግዳው ዘካርያስ ጋ። እርስዎ እንዳሉት።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ቦታው መለሱና ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ጣሪያ እንደገና አዩት። ፊታቸው ላይ የታየው ብስጭት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል የምድር ባቡር ጡረተኛና የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ሰፈሩ አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ ያለ ነው፤ እድሩም ከሸዋ የመጣውን፣ ከወሎ የመጣውን፣ ከአርሲ የወረደውንና እዚያው የተወለደውን በአንድ ድንኳን ሥር ያስለቅሳል። ችግሩ ድንኳኑ ነበር። አዳማ ላይ ንፋስ እንግዳ አይደለም፤ ከከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የቆሙት ነጫጭ ማማዎች የሚሽከረከሩት በዚሁ ንፋስ ነው። ባለፈው መጋቢት የእማማ አበበች ባል ያረፉ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ንፋሱ ድንኳኑን ከነካስማው ነቀለውና ወደ አስፋልቱ ይዞት ሄደ። አንድ ባጃጅ ድንኳን ለብሶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ለቀስተኛው ድንኳን ሊያባርር ተነሣ። መጀመሪያ አንድ ሰው ፈገግ አለ፤ ከዚያ አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እማማ አበበች ራሳቸው፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቁ።

ሰፈሩ ይህን እስከ ዛሬ እንደ ጨዋታ ያወራዋል። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ሸሻቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ባለፈው ክረምት ደግሞ ሐኪም ስለ ልባቸው ሲነግራቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ለልዩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ እንዲህ አሏት፦

"ሞትስ ያለ ነው። እኔ የምለው፣ በእኔ ለቅሶ ሰው እንዲስቅ አልፈልግም።"

ስለዚህ አዳራሽ ይሠራ አሉ፤ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ እድሩ ድስትና አግዳሚ የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ። ልዩ ፕላን መንደፍ የተማረች የሰፈር ልጅ ናትና ፕላኑን እሷ ነደፈች። ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ስትዘረጋ ግን አባላቱ እየተቀባበሉ፣ እየገለባበጡ አዩት። አንዷ እናት መጸዳጃ ቤቱ ለምን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጠየቁ። አንድ ነጋዴ፣ ቤት ከላይ የሚታየው ለወፍ ነው፣ እኛ የምንገባው በበር ነው አለ። ማናሴም ተነሣ። ማናሴ የእድሩ ምክትል ዳኛና ንብረት ክፍል ነው፤ ድንኳኑን የሚያጥበው፣ የሚጠግነውና የሚያጥፈው እሱ በመሆኑ፣ ስለ ድንኳን ክፉ ሲነገር ስለ ልጁ የተነገረ ያህል ይከፋዋል። አዲስ ድንኳን ይገዛ፣ ድንኳን ፕላን አይፈልግም አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ነገሩ እዚያው እንዳይሞት፣ አዳራሹ በወረቀት ተሠርቶ ለሚቀጥለው እሑድ ይቅረብና ይወሰን ብለው ስብሰባውን በተኑ። እሑድ ካልጸደቀ ድንኳን ይገዛል። ድንኳን ከተገዛ ደግሞ ያ ድንኳን እስኪያረጅ አዳራሽ የሚል ሰው አይኖርም። ጋሽ ሰይፈሚካኤልም አይኖሩም።

የወረቀት ሞዴል ሥራው ከባድ አይደለም። ግድግዳውም ጣሪያውም በየገጹ ተዘርግቶ ይሳላል፤ ይታተማል፤ ይቆረጣል፤ ይታጠፋል፤ በኮላ ይያያዛል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ገጽ በአንድ ልክ መታተም አለበት። ልዩ አዳራሹን ሃምሳ ጊዜ አሳንሳ፣ በሩ የትንሽ ጣቷን ያህል እንዲሆን አድርጋ ሳለችው። ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ልታሳትም ስትነሣ ግን ጋሽ ሰይፈሚካኤል አስቆሟት።

ከእድሩ አባላት መካከል ማተሚያ ቤት ያላቸው ሁለት ናቸው። የፋዲላ ሱቅ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ የዘካርያስ ሱቅ ከአስፋልቱ ወዲያ። ከዓመታት በፊት የአባልነት መታወቂያ ዘካርያስ ጋ ታተመ። ፋዲላ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብቻ ያን ክረምት ሙሉ ለቅሶ በመጣች ቁጥር ትቀመጥና ውኃ እንኳ ሳትቀምስ ተነሥታ ትሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሰይፈሚካኤል የእድሩን ኅትመት ሁሉ እኩል ይከፍላሉ። የመተዳደሪያ ደንቡ የመጀመሪያ ግማሽ ዘካርያስ ጋ፣ ሁለተኛው ግማሽ ፋዲላ ጋ ታትሟል። የአባላት ግዴታ በወፍራም ፊደል፣ የአባላት መብት በቀጭን ፊደል የወጣው ከዚህ የተነሣ እንጂ ማንም አስቦበት አይደለም። አዳራሹም በዚሁ ሥርዓት ተከፈለ። ጣሪያው ለፋዲላ፣ ግድግዳው ለዘካርያስ ደረሰ።

ጣሪያው ለምን እንዳነሰ ለልዩ ወዲያው ገብቷታል። እሷ የሳለችው በትልቁ ወረቀት ልክ ነው። ፋዲላ ጋ የሚመጣው ሰው ግን የትምህርት ማስረጃና የሠርግ ጥሪ ነው የሚያሳትመው፤ ጠርዙ የተቆረጠበት ሰው ደግሞ ይቆጣል። ስለዚህ የፋዲላ ኮምፒውተር የመጣለትን ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ካለው ወረቀት ጋር እንዲያስማማ ተደርጎ ተቀምጧል። የመጣለትን ጣሪያም አሳንሶ በትንሹ ወረቀት፣ በኤ ፎር ልክ አደረገው።

"ቀላል ነው ጋሼ" አለች ልዩ። "ትልቁን ወረቀት አግብታ ኮምፒውተሩ ላይ አስማማ የምትለውን አንዲት ምልክት ብታጠፋ ያበቃል። ሄጄ ልንገራት።"

"ምን ብለሽ?"

"ጣሪያው አንሷል ብዬ።"

"ከምን አንሶ?"

"ከግድግዳው ነዋ።"

"ግድግዳው የማን ነው?" አሉ። ከዚያ ጃኬታቸውን አንሥተው ለበሱ። "እኔ እነግራታለሁ። የአነጋገር ጉዳይ ነው።"

ልዩ በኋላ ከራሳቸው ከፋዲላና ከዘካርያስ እንደሰማችው፣ አነጋገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ፋዲላ ሱቅ ገብተው ተቀመጡ። ልጆቿን አንድ በአንድ ጠየቁ። ኮምቦልቻ ያሉ አክስቷን ጉልበት ጠየቁ። ሻይ መጣላቸው፤ ጠጡ። ጣሪያው ቀለሙ ግሩም እንደሆነ፣ እውነተኛ ቆርቆሮ እንደሚመስል ተናገሩ። ሊሄዱ በሩ ላይ ከደረሱ በኋላ፣ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞር ብለው፣ ግድግዳው ብቻ ትንሽ ገዘፍ ሳይል አልቀረም አሉ። ፋዲላ ሰምታ ፈገግ አለች።

ፋዲላ ሱቅ ሻይ ጠጥቶ ዘካርያስ ሱቅ አለመጠጣት ደግሞ አይሆንም። አስፋልቱን ተሻገሩ። የዘካርያስን እናት ጠየቁ፤ ሻይ ጠጡ፤ ግድግዳው መስመሩ እንዴት ጥርት እንዳለ አደነቁ። በሩ ላይ ሲደርሱም ጣሪያው ትንሽ ሳሳ ሳይል አልቀረም አሉ። ዘካርያስም ፈገግ አለ።

ሁለቱም የተባሉት ገብቷቸዋል፤ ጥፋቱ ይኸው ነበር። ፋዲላ ጣሪያዬ አንሷል ማለታቸው ነው ብላ ትልቁን ወረቀት አስገባች፤ ዳግመኛ እንዳትታማም ለማንኛውም ብላ ጥቂት ጨመረችበት። ዘካርያስ ደግሞ የእኔ ልክ ነው ብዬ ብቀመጥ ጎረቤቴ ታፍራለች ብሎ ግድግዳውን አሳነሰው። ሁለቱም በማግስቱ ወረቀቱን ለልዩ ሰጧት፤ ሁለቱም ለሌላው እንዳትነግር አደራ አሏት።

ልዩ ቆርጣ፣ አስምራ፣ አጥፋ አቆመችው። ትናንት ወደ ውስጥ የገባው ጣሪያ ዛሬ በአራቱም አቅጣጫ ተርፎ ወጣ። ግድግዳው ከሥሩ እንደ ጫጩት ተሸሸገ። ይባስ ብሎ፣ ወረቀት ላለማባከን በጣሪያው ገጽ ባዶ ቦታ ላይ ጥቂት ሰዎች ስላ ነበር፤ አሁን እነሱም ከጣሪያው ጋር አብረው አድገዋል። አንዱን በሩ አጠገብ አቆመችው። በሩ ደረቱ ላይ ቀረ።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል አዩት። ጃኬታቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ልዩ ቀደመቻቸው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ሄደው ሻይ ቢጠጡ ነገ ወደ መጀመሪያው ነው የምንመለሰው።"

ተቀመጡ። ልዩ እንግዲያው የጣሪያውን ትርፍ በመቀስ ልቀንሰው አለች።

"የፋዲላን ጣሪያ በመቀስ?" አሉ፤ የሰው ጣት እንደተባሉ ሁሉ።

ሁሉንም ሞጆ ሄጄ ላሳትመው አለች። ይኼ ለጥቂት ጊዜ ደስ አላቸው። ሁለቱም ይቀየማሉ፤ ግን እኩል ይቀየማሉ፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ፍትሕ ነው። ኋላ ግን ሞጆ ያለው አታሚ የዘካርያስ አማች መሆኑ ትዝ አላቸው። እሑድም ደረሰ። ሞዴሉ እንዳለ ይቅረብ አሉ፤ ልዩንም የትኛው የማን እንደሆነ በጉባኤው ፊት እንዳታነሣ አስማሏት።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ በዚያው በድንኳኑ ውስጥ ሆነ። ማናሴ ካስማዎቹን ሁሉ በድንጋይ አስደግፎ ነበር። ጸሐፊዋ ዱሬቲ "አካም ጅርቱ" እያለች አባላቱን ተራ በተራ ሰላም ብላ፣ አጀንዳው አዳራሹ ብቻ መሆኑን አነበበች። ልዩ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጨርቁን ገለጠችው።

አባላቱ ሊያዩት ከአግዳሚው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

"ባርኔጣ ነው?" አሉ እማማ አበበች፤ ለማሾፍ ሳይሆን ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ።

ማናሴ መጥቶ ከወረቀት ሰዎቹ አንዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ በሩ ላይ አቆመው። ከዚያ ጉባኤው እንዲያይ ገለል አለ። "ይኼ ሰውዬ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለ።

ክርክሩ ተነሣ። አንድ አባት፣ ለቅሶ ቤት ሰው ጎንበስ ብሎ ቢገባ ጥሩ ነው፣ አሁን አሁን ትዕቢት በዝቷል አሉ። አንዲት ሴት፣ ድስት ተሸክሞ የሚገባውስ አለች። አንዱ፣ ዝቅ ያለ ግድግዳ ብሎኬት ይቆጥባል አለ። ሌላው፣ ሰውዬው ምናልባት ረጅም ሰው ይሆናል አለና የሚያውቀውን አንድ የመቂ ረጅም ሰው ጠቀሰ። በመጨረሻ ልዩን ጠየቋት። ልዩ ጋሽ ሰይፈሚካኤልን አየች፤ እሳቸው ጫማቸውን አዩ።

"የልክ ጉዳይ ነው" አለች።

"የማን ልክ?" አለ ማናሴ።

በድንኳኑ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ወደ ፋዲላ፣ አንድ ጊዜ ወደ ዘካርያስ አየ፤ ከዚያ ሁሉም ሰው መሬት አየ። ፋዲላ የሻሿን ጠርዝ አስተካከለች። ዘካርያስ ስልኩን አውጥቶ መልሶ ከተተው።

ጉባኤውን ያዳነችው ዱሬቲ ናት። እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ተነሣችና፣ ወገኖቼ ለምን እንጨነቃለን፣ ለምን ሞዴሉ እንዳለ አይሠራም አለች። ግድግዳው በግድግዳው ልክ ይሠራ፤ ጣሪያውም በጣሪያው ልክ ይሠራ፤ ማንም የማንንም ሥራ አይንካ። ሰዎቹን ደግሞ ልዩ ታሳንሳቸው፤ ሰዎቹ የማንም አይደሉም።

ጭብጨባው ድንኳኑን አወዛወዘው። እማማ አበበች ዱሬቲን መረቁ። ረጅሙን የመቂ ሰው የጠቀሰው ሰው፣ ይኼ ሁለቱንም ያከበረ ውሳኔ ነው እያለ አጠገቡ ላለው ሁሉ አስረዳ። ማናሴ እንኳ፣ ድንኳኑ እንደተሸነፈ አውቆ፣ እጁን ሊያወጣ ከፍ አደረገ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። አዳራሹ ሊጸድቅ ነው።

ልዩ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"ጋሼ፣ ይኼን ያህል የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ንፋሱ ከሥሩ ይገባበታል። ከድንኳኑም ቀድሞ ይነሣል።"

"ይነሣል?"

"ቆርቆሮ ነው ጋሼ። እንደ ድንኳኑ ባጃጅ ሸፍኖ ብቻ የሚቆም አይደለም።"

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ወደ ላይ፣ ወደ ተጠጋገነው ሸራ አዩ። ንፋሱ ከመሀል ያነሣዋል፣ ይለቀዋል። ዱሬቲ የሚደግፍ እጁን ያውጣ እያለች ነበር። እጆች ወደ ላይ ሲወጡ፣ ዳኛው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። በዳኝነት ዘመናቸው ሁሉ አንድም ሰው በስሙ ጠርተው ተሳስተሃል ብለው አያውቁም ነበር፤ ባቡር ዘግይቶ ሲመጣ እንኳ ሰዓቱ ቸኩሏል ይሉ ነበር ተብለው ይታማሉ።

"ፋዲላ፣ ጣሪያሽ ተልቋል" አሉ። "ዘካርያስ፣ ግድግዳህ አንሷል። መጀመሪያ ያንተ ልክ ነበር፤ ያነሰው ያንቺ ነበር። እንዲህ ሆኖ ከተሠራ ንፋስ ይወስደዋል።"

ከውጭ የአንድ ባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ። ፋዲላ ቀስ ብላ ተነሣች።

"ጋሽ ሰይፈ፣ ይኼንኑ ለመናገር ነው ከልጆቼ አንሥተው እስከ አክስቴ ጉልበት ድረስ የጠየቁኝ?" አለች። "ገና ሲገቡ በሩ ላይ ቢነግሩኝ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ አትሜው ነበር።"

ሰው ሊስቅ ሲል ዘካርያስ፣ ነገር ለማለዘብ ብሎ፣ እኔም እኮ ግድግዳውን ያሳነስኩት እሷ እንዳታፍር ብዬ ነው አለ።

"እኔ እንዳላፍር?" አለች ፋዲላ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በእውነት አልተቀየመችም ነበር፤ አሁን ተቀየመች።

ከዚህ በኋላ ስለ ጣሪያው የተናገረ ሰው የለም። ጉባኤው የደነገጠው በሌላ ነገር ነበር፤ ዳኛው፣ ያውም ጋሽ ሰይፈሚካኤል፣ ሁለት አባላትን በአደባባይ በስማቸው ጠርተው ሥራችሁ ልክ አይደለም አሉ። ማናሴ ደንቡ ይነበብ አለ። በወፍራሙ ፊደል በታተመው ክፍል ውስጥ፣ አባልን በጉባኤ ፊት ያሳፈረ አባል በጉባኤ ፊት ይጠየቃል የሚል ተገኘ። ዳኛ በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንምና ማናሴ ወንበሩን ያዘ፤ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ከተራው አባል ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

በዚያ ከሰዓት፣ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አፉን ያልከፈተ ሰው ሁሉ ተናገረ። ይቅርታ ይበቃል ያሉ ነበሩ። ይቅርታ አይበቃም፣ ይኼ ነገር ከተለመደ ነገ ወጣቱም እውነቱን መናገር ይጀምራል ያሉ ነበሩ። እማማ አበበች፣ እኔ በገዛ ባሌ ለቅሶ ስቄ ማን ጠየቀኝ፣ ሽማግሌውን ተዉአቸው አሉ፤ ማናሴ፣ ያ በአጀንዳ አልተያዘም አላቸው። ፋዲላና ዘካርያስ ራሳቸው እየተነሡ፣ እኛ አልተቀየምንም፣ ይተዉ አሉ፤ ጉባኤው ግን ተቀይማችኋል አላቸው። በመጨረሻ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ሁለቱን ይቅርታ እንዲጠይቁና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከዳኝነት እንዲያርፉ ተወሰነ። ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ንፋሱ በረታ። አንዱ ካስማ ከድንጋዩ ሥር ተነቀለ። ማናሴ ሮጦ መሀለኛውን ምሰሶ በሁለት እጁ ያዘ። ሰው ነጠላውን እየሰበሰበ መነሣት ሲጀምር ዱሬቲ ከፍ ባለ ድምፅ፣ አጀንዳው እኮ ገና ነው፣ አዳራሹ አለች።

ማናሴ ምሰሶውን እንዳቀፈ፣ ፊቱን በሸራው ጫፍ እየተመታ፣ ሰብሳቢ ነበርና ጠየቀ። "የሚቃወም አለ?"

የሚቃወም አልነበረም። በየትኛው ልክ አለች ዱሬቲ። ልዩ እንደሳለችው፣ በአንድ ልክ፣ አለ ማናሴ። ሞዴሉስ የት ይታተም ስትል ግማሹ ሰው አስፋልቱ ጋ ደርሶ ነበር፤ የቀረውም በአንድ አፍ የትም ይታተም አላት። ጻፈችው። ከዚያ ሁሉም ተባብሮ ድንኳኑን አወረደ።

ልዩ ሞዴሉን በጨርቁ ሸፍና አቅፋ፣ ከጋሽ ሰይፈሚካኤል ጎን ቀስ ብላ ሄደች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ከፍቷቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ዳኛ ሲሞት ብዙ ሰው ይመጣል" አሉ። ደግሞ ጥቂት ሄዱ። "አሁን የሚመጣው ይቀንሳል። ግን ጣሪያ ሥር ነው።"

ሰኞ ጠዋት ዘካርያስ ለልዩ ደውሎ ኅትመቱ ፋዲላ ጋ ይሁን አላት። ፋዲላም ደውላ ዘካርያስ ጋ ይሁን አለቻት። ልዩ ሁለቱንም ለጋሽ ሰይፈሚካኤል ነገረቻቸው። እሳቸው ጃኬታቸውን ለበሱና፣ ዳኛ ስላልሆንኩ አሁን ወደ ቀረበኝ ልሂድ አሉ። የቀረበው ፋዲላ ጋ ነበር፤ አስፋልቱን መሻገር አያስፈልግም።

ፋዲላ ደህና አደሩ አለቻቸው። ስለ ጤንነታቸው አልጠየቀችም፤ ሻይም አላዘዘችም። ትልቁን ወረቀት አስገብታ፣ ምልክቷን አጥፍታ፣ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ሰዎቹንም በአንድ ልክ አወጣቻቸው። አብራቸው የመጣችው ልዩ ማስመሪያዋን አሳርፋ ለካች። ልክ ነበር። እዚያው የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ቆረጠች፣ አሰመረች፣ አጠፈች። ግድግዳው ቆመ። ጣሪያው ከላይ ሲቀመጥ በዙሪያው ከጥፍር የማይበልጥ ክፈፍ ቀረው። ፋዲላ ከማሽኑ ኋላ ሆና አየችው። ሥራዋን ቀጠለች።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል የወረቀት ሰዎቹን በመዳፋቸው ይዘው ነበር። አንዱን በበሩ አስገብተው አዩ፤ ቀጥ ብሎ ገባ። መልሰው አወጡት።

"ቆሞ የሚያለቅስ የለም" አሉና ሰውዬውን ወገቡ ላይ አጠፉት፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ። ተቀመጠ። ልዩ ጣሪያውን አነሣችላቸው። እሳቸው ሰዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ በግድግዳው ጥግ ደረደሯቸው፤ ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ጊዜ ወሰደባቸው፤ እሷም አላጣደፈቻቸውም። የመጨረሻው ሰው ሲቀመጥ ልዩ የጣሪያውን ጠርዝ ኮላ ቀባች፤ ገጠመችው፤ በሁለት መዳፎቿ ጫን አድርጋ እስኪይዝ ጠበቀች። ያዘ። የኮላውን ክዳን ከደነችና ሞዴሉን ከወረቀት ደስጣዎቹ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።